የእሳተ ገሞራን የሌሊት ቅላት ኤርታ አሌ ላይ ፎቶ ማንሳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ አፋር ውስጥ ወዳለው የኤርታ አሌ እሳተ ገሞራ ካሜራ ይዞ ለመሄድ የሚያስብ ሰው የሚያነሳቸው ናቸው። ሰዓቱ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ወራቱም እንዲሁ። ዓመተ ምሕረቱ ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሰማዩን የሚያቀላው ምንድን ነው? እሳቱ ወደ ላይ ይነሳል?

አይነሳም። ከጉድጓዱ ውስጥ ያለው የቅልጥ አለት (የላቫ) ብርሃን ከላዩ በሚወጣው ጋዝ፣ እንፋሎትና ብናኝ ላይ ሲያርፍ ነው ሰማዩ ቀልቶ የሚታየው። ስለዚህ ቅላቱ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ከታች ብርሃን፣ ከላይ ብርሃኑን የሚቀበል ነገር። ላቫው ሞልቶ አየሩ ፍጹም ጥርት ካለ ሰማዩ ጥቁር ሆኖ ሊያድር ይችላል። ላቫው ትንሽ ሆኖ ዝቅ ያለ ደመና ከመጣ ደግሞ አናቱ በሙሉ ይቀላል። ጋዙ ከልክ በላይ ከወፈረ ጉድጓዱን ራሱን ይሸፍነዋል፤ ያኔ የሚታየው ቅርጽ የሌለው ደብዛዛ ቀይ ብቻ ነው።

ቀለሙ ከሙቀቱ ይመጣል። የኤርታ አሌ ላቫ ባዛልት የሚባለው ጥቁር አለት ሲሆን ትኩስነቱ ከ1100 እስከ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በዚህ ሙቀት የሚወጣው ጨረር አብዛኛው ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ነው፤ ለዓይን የሚተርፈው ቀይና ብርቱካናማው ነው። ካሜራ ለምን እንደሚሳሳት ወደ ታች ሲመጣ ይህን ያስታውሱ።

አሁን ቅላት መኖሩን ከቤቴ ሆኜ እንዴት አውቃለሁ?

ይህን ሳያጣሩ መንገድ አይጀምሩ። ኤርታ አሌ ለብዙ አሥርት ዓመታት የላቫ ሐይቅ ይዞ በመቆየቱ ቢታወቅም ሐይቁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። በጥር 2017 ሐይቁ ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ በደቡብ ምሥራቅ ጎኑ ስንጥቅ ተከፍቶ ላቫው በዚያ ወጣ፤ የሐይቁም ከፍታ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ላቫው የሚታይበትም፣ በጠጠረ ቅርፊት ተሸፍኖ ጭስ ብቻ የሚወጣበትም ጊዜ አለ። በሐምሌ 2025 ደግሞ ከባድ ፍንዳታ ነበረ። የዛሬ ሦስት ዓመት የሄደ ሰው ፎቶ ዛሬ ስላለው ነገር ምንም አይነግርዎትም።

የሚጠቅመው ሳተላይት ነው። ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ ገደማ አካባቢውን ያነሳሉ፤ ምስሎቹን ኮፐርኒከስ ብራውዘር በተባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ያገኛሉ። ከምስል ዓይነቶቹ ውስጥ የአጭር ሞገድ ኢንፍራሬዱን ይምረጡ። ትኩስ ላቫ በጥቁር መሬት ላይ ደማቅ ብርቱካናማ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ደመና ወይም ወፍራም ጋዝ ካለ ስለሚጋርደው የአንድ ቀን ባዶ ምስል አይበቃም፤ ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ምስሎችን ያነጻጽሩ። የናሳው ፈርምስ የሚባል የእሳት ካርታም ትኩስ ነጥቦችን በየቀኑ ያሳያል። የአካባቢውን የመሬት መንቀጥቀጥና የእሳተ ገሞራ ሁኔታ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የጂኦፊዚክስ፣ ኅዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ይከታተላል።

ከሁሉ በላይ ግን ትናንት ማታ እዚያ ያደረ የአፋር መንገድ መሪ ቃል ይታመናል። «ጭስ አለ ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ ጭስማ ሁልጊዜ አለ። «ማታ ከጎብኚዎች ማደሪያ ሰፈሩ ሆኖ ቅላቱ ይታያል ወይ?» ይበሉ።

በየትኛው ወር ልሂድ?

ለሰውነት የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ደናክል ቀን ላይ ከ45 ዲግሪ ያልፋል፤ ሌሊቱም አይበርድም። ችግሩ ለሰውነት የሚመቸው ወቅትና ለፍኖተ ሐሊብ (ሚልኪ ዌይ ለሚባለው፣ ሰማዩን አቋርጦ ለሚታየው ነጣ ያለ የከዋክብት መስመር) የሚመቸው ወቅት አለመግጠማቸው ነው።

ብዙ ሰው የሚመኘው ቀዩ ጭስ ከፊት፣ የፍኖተ ሐሊብ ደማቅ እምብርት ከኋላ ሆኖ የሚታይበትን ፎቶ ነው። ይህ እምብርት በታኅሣሥ ከፀሐይ ጋር ስለሚውል ጨርሶ አይታይም። በጥር መጨረሻ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በየካቲት አጋማሽ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በመጋቢት አጋማሽ ደግሞ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ከአድማስ ብቅ ይላል። ከአድማስ አቧራና ጭጋግ በላይ ወጥቶ ለፎቶ እስኪበቃ አንድ ሰዓት ተኩል ይጨምሩበት። የሚወጣው ከደቡብ ምሥራቅ ነው። በዚህ ኬክሮስ ከፍ ቢል ከ47 ዲግሪ አያልፍም፤ ይህ ለፎቶ መልካም ነው፤ ከጭሱ ጋር በአንድ ፍሬም ይገባልና።

ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ መሄድ ለሚችል ሰው የምንመርጠው ከየካቲት መጀመሪያ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ያለውን ጊዜ ነው። ሙቀቱ ገና አልበረታም፤ እምብርቱም ከንጋት በፊት ከአድማስ በላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆያል። በታኅሣሥና በጥር የሄደም ባዶ እጁን አይመለስም፤ የኦሪዮን የከዋክብት ስብስብና ደማቁ ኮከብ ሲሪየስ ከአመሻሹ ጀምረው ከጭሱ በላይ ይቆማሉ፣ ፈዘዝ ያለው የፍኖተ ሐሊብ ክንድም በዚያው ያልፋል።

ጨረቃ ትጎዳለች ወይስ ትጠቅማለች?

እንደሚፈልጉት ፎቶ ነው። ለፍኖተ ሐሊብ ጨረቃ የጠፋችበትን ሰሞን ይምረጡ። ለጉድጓዱ፣ ለጥቁሩ ላቫ ሜዳና ለጭሱ ከሆነ ግን ጨለማው ራሱ ችግር ነው፤ ፎቶው ላይ በጥቁር መሀል አንድ ቀይ ነጥብ ብቻ ይቀራል። የ3 ወይም የ4 ቀን ጨረቃ ለሁለቱም ይሆናል። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ መሬቱን ታበራለች፤ ከዚያ ትጠልቅና ሌሊቱን ለከዋክብት ትለቃለች። ጨረቃ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይታ እንደምትጠልቅ ካወቁ የቀረውን ራስዎ ማስላት ይችላሉ።

የት ልቁም?

ፎቶው የሚበላሸውም ሰው የሚጎዳውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ጥያቄ ላይ በሚሠራ ስህተት ስለሆነ ረዘም አድርገን እንመልሳለን።

የመጀመሪያው ፍላጎት ወደ ጠርዙ መጠጋት ነው። ለቅላት ፎቶ ግን ጠርዙ መጥፎ ቦታ ነው። ትኩስ ላቫ ፀሐይ ያረፈበትን መሬት ያህል ይደምቃል፤ ጨለማ ሰማይ ደግሞ ከዚያ ከ20 ስቶፕ ባላነሰ ያንሳል (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ መጨመሩ ወይም በግማሽ መቀነሱ ነው)። ጥሩ የሚባል ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) በአንድ ፎቶ የሚይዘው 14 ስቶፕ ገደማ ነው። ላቫው ራሱ ፍሬሙ ውስጥ ከገባ ሰማዩን ያጣሉ፤ ሰማዩን ከያዙ ላቫው ነጭ ጉድጓድ ይሆናል። ከ200 እስከ 500 ሜትር ወደ ኋላ ሲመለሱ ግን የጉድጓዱ ጠርዝ ላቫውን ይጋርደዋል፤ የሚቀረው ከጭሱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ብቻ ነው። ይህ ብርሃን ለስላሳ ነው፤ ከከዋክብት ጋር በአንድ ፎቶ ይስማማል። የሚሸሹት ከአደጋው ብቻ ሳይሆን ከተቃጠለ ፎቶም ነው።

ቦታውን በብርሃን ይምረጡ፤ ከፀሐይ መጥለቅ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድመው። ነፋሱ ከጀርባዎ ወይም ከጎንዎ የሚመጣበትን ይፈልጉ። ፍኖተ ሐሊብን በንጋት ከጭሱ ኋላ ማግኘት ከፈለጉ ከጉድጓዱ ሰሜን ምዕራብ መቆም አለብዎት፤ ያኔ ፊትዎ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሆናል። ነፋሱ ጋዙን ወደዚያው የሚያመጣ ከሆነ ግን ፎቶው ይቅር። ከፊት አንድ ቅርጽ ያለው ነገር ያስገቡ፤ የላቫ ክምር፣ የሰፈሩ የድንጋይ ጎጆ ወይም የቆመ ሰው። ሰው በሌለበት የጭሱ ግዝፈት ለተመልካች አይገባም።

ምን ካሜራና ምን ሌንስ ይበቃል?

ራው (ያልተቀነባበረ የፎቶ ፋይል) የሚያነሳና በእጅ የሚስተካከል ማንኛውም ካሜራ። ሌንሱ ከካሜራው ይበልጣል፤ ከ14 እስከ 24 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2.8 ወይም ከዚያ የሚሰፋ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ለጭሱ ዓምድ ብቻ 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ርካሽም ጥሩም ነው። ከ70 እስከ 200 የሚደርስ ሌንስ የሚጠቅመው የላቫውን ቅርፊት ስንጥቆች ለማንሳት ነው፤ ነገር ግን ከላቫው በላይ ያለው አየር ስለሚርገበገብ ምስሉ ቢያንስ በግማሹ ፎቶ ድብዝዝ ይላል። 20 እና 30 ፎቶ በተከታታይ አንስቶ ጥርት ያለውን መምረጥ እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም።

ማቆሚያው ባለሦስት እግርና ከበድ ያለ ይሁን፤ የመሀሉን ዘንግ አያውጡ። ቦርሳ ከሥሩ ማንጠልጠል በነፋስ ጊዜ ጉዳት አለው፤ ቦርሳው ይወዛወዝና ካሜራውን ያንቀጠቅጠዋል። ቦርሳው መሬት ነክቶ እንዲቆም አድርገው ይሰሩት። በሌንሱ ላይ ያለውን የምስል ማረጋጊያ ያጥፉ፤ የ2 ሴኮንድ መዘግየት ወይም ሪሞት ይጠቀሙ።

መነሻ ሴቲንግ ስጡኝ።

ለጭሱ ቅላት፦ አይኤስኦ (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ንቃት) 1600፣ ኤፍ 2.8፣ ከ4 እስከ 8 ሴኮንድ። ጭሱ ስለሚንቀሳቀስ ከዚህ ሲረዝም ቅርጹ ይጠፋና ጥጥ ይመስላል፤ ሲያጥር እጥፋቱ ሁሉ ይታያል። ቅላቱ ጠንካራ ከሆነ አይኤስኦውን ወደ 800 ያውርዱ፣ ሴኮንዱን አያስረዝሙ።

ለቅላቱና ለከዋክብት አብረው፦ አይኤስኦ 3200፣ ኤፍ 2.8፣ ከ12 እስከ 15 ሴኮንድ በ20 ሚሊ ሜትር። «500ን ለሌንሱ ሚሊ ሜትር ማካፈል» የሚባለው የቆየ ደንብ 25 ሴኮንድ ይሰጥዎታል፤ በዛሬ ባለብዙ ፒክሰል ካሜራ ግን በዚያ ሴኮንድ ኮከቡ ጭረት ይሆናል። ክሮፕ ሴንሰር (ከፉል ፍሬም ያነሰ) ከሆነ ደግሞ ከ10 ሴኮንድ አይለፉ።

ለጨረቃማ ሌሊት፦ አይኤስኦ 800፣ ኤፍ 2.8፣ ከ4 እስከ 8 ሴኮንድ።

ለላቫው ራሱ፦ አይኤስኦ 400፣ ኤፍ 5.6፣ ለሚፈናጠር ላቫ ከ1/250 እስከ 1/500 ሴኮንድ፤ ጠቆር ብሎ ስንጥቁ ብቻ ለሚያበራ ቅርፊት ከ1/30 እስከ 1/125። ቅርፊቱ ሳህን እየሆነ ስለሚንሳፈፍ በረጅም ሴኮንድ ያ ውብ የስንጥቅ መረብ ጨርሶ ይጠፋል።

እነዚህ መነሻ ናቸው። ጉድጓዱ በደቂቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ስቶፕ ሊለዋወጥ ስለሚችል በየጥቂት ፎቶው ሂስቶግራሙን (የፎቶውን የጨለማና የብርሃን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) ማየት ግድ ነው።

ፎከሱ እምቢ ይለኛል።

አውቶ ፎከስን ያጥፉት፤ ጭስ ላይ የሚይዘው ነገር የለም። በስክሪኑ ላይ ደማቅ ኮከብ፣ ለምሳሌ ሲሪየስን፣ 10 እጥፍ አጉልተው ነጥቡ እጅግ እስኪያንስ ድረስ ቀለበቱን ያዙሩ። ሌንሱ ላይ ያለውን የማያልቅ ርቀት ምልክት አይመኑ፤ ብዙ ጊዜ ትክክል አይደለም። ከዚያ ቀለበቱን በስኮች ይለጥፉት። በ20 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ፎከሱ ኮከብ ላይ ካረፈ ከ5 ሜትር ወዲያ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል። ሌንሱ ቀን ከሞቀበት ሲቀዘቅዝ ፎከሱ ስለሚሸሽ በየግማሽ ሰዓቱ ይመልከቱት።

በዓይኔ ቀይ የነበረው ፎቶው ላይ ለምን ቢጫ ሆነ?

የቀዩ ቻናል ስለሞላ ነው። ብርሃኑ ከሞላ ጎደል ቀይ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠግበው የሴንሰሩ ቀይ ክፍል ነው። ቀዩ ከጠገበ በኋላ አረንጓዴው መጨመሩን ይቀጥላል፤ ቀይና አረንጓዴ ሲደመሩ ቢጫ ነው። ካሜራው በነጭ የሚያሳየው አጠቃላይ ሂስቶግራም ይህን ይደብቃል፤ መሀል ላይ የተቀመጠ ጤናማ መስሎ ይታያል። ሦስቱን ቀለማት ለየብቻ የሚያሳየውን ይክፈቱና ቀዩ ከቀኝ ጠርዝ እንዳይጋጭ ያድርጉ። በስክሪኑ ላይ ፎቶው ከሚያስደስትዎ አንድ ስቶፕ ቢጨልም ይሻላል። የጨለመውን ክፍል ራው ፋይሉ ላይ ማድመቅ ይቻላል፤ የጠገበ ቀይ ግን አይመለስም።

ኋይት ባላንስ ስንት ላድርግ?

ኋይት ባላንስ ካሜራው የትኛውን ብርሃን ነጭ አድርጎ እንደሚቆጥር የሚወስን ነው፤ አውቶ ላይ አይተዉት። አውቶ ቀዩን እንደ ስህተት ቆጥሮ ሊያጠፋው ይጥራል፤ ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው ቀለሙ ይዘላል። ከ3800 እስከ 4500 ኬልቪን ውስጥ አንድ ቁጥር መርጠው ሌሊቱን በሙሉ በዚያ ያንሱ። ሰማዩ ሰማያዊ ቀለሙን ሳያጣ ጭሱ ቀይ ሆኖ ይቀራል። የላቫው ብርሃን ራሱ 1400 ኬልቪን አካባቢ ነው፤ አብዛኛው ካሜራ ዝቅ ቢል 2500 ስለሆነ ላቫን «ነጭ» የሚያደርግ ሴቲንግ የለም፤ መኖርም የለበትም።

ለከዋክብት ተብሎ የኢንፍራሬድ ማጣሪያው የወጣለት ካሜራ ካለዎት ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ላቫው የሚያወጣው አብዛኛው ጨረር እሱ ስለሆነ ቀዩ ወዲያው ይሞላል፤ ቀለሙም ወደ ሐምራዊ ይሄዳል።

ላቫውም ከዋክብቱም በአንድ ፎቶ እንዲታዩ እፈልጋለሁ።

በሁለት ፎቶ ይሠራል። ካሜራው ሳይነቃነቅ አንዱን ለላቫው በ1/60 አካባቢ፣ ሌላውን ለሰማዩ በ12 ሴኮንድ ያንሱ፤ ቢቻል በመሀል በ1/4 እና በ1 ሴኮንድ ተጨማሪ ይያዙ። ኮምፒውተር ላይ የላቫውን ክፍል ብቻ በለስላሳ ጠርዝ ያስገቡ። ብርሃኑ ጭሱ ላይ ቀስ በቀስ እየደከመ ካልሄደ ተለጥፎ የመጣ ይመስላል። ሲለጥፉትም ከሁለት ፎቶ የተሠራ መሆኑን ከሥሩ ይጻፉ፤ ሰማዩን ከሌላ ሌሊት ወይም ከሌላ ቦታ ማምጣት ግን ሐሰት ነው።

ፎቶው ላይ ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች ሞሉበት።

ሌሊቱም ስለሚሞቅ ነው፤ ሴንሰር ሲግል ፒክሰሎቹ ያለ ብርሃን ይበራሉ። ሥራው ሲያልቅ የሌንሱን ክዳን ዘግተው በዚያው አይኤስኦና በዚያው ሴኮንድ ከ5 እስከ 10 ጥቁር ፎቶ ያንሱ። እነዚህን ከፎቶዎቹ የሚቀንስ ሶፍትዌር ነጥቦቹን ያጠፋል። በካሜራው ውስጥ ያለው የረጅም ሴኮንድ ማጽጃም ይሠራል፤ ግን እያንዳንዱን ፎቶ በእጥፍ ያዘገየዋል።

በስልክ ይሆናል?

ይሆናል፤ በእጅ ተይዞ ግን አይሆንም። ስልኩን በማቆሚያ ላይ አስረው የሌሊት ሁነታውን ይክፈቱ፤ በጭሱ ደማቅ ክፍል ላይ ተጭነው ፎከስና ብርሃን ከቆለፉ በኋላ ብርሃኑን ወደ ታች ይጎትቱት። ዋናውን ሌንስ ይጠቀሙ፤ ሰፊውና አጉሊው በጨለማ ደካማ ናቸው።

ታይምላፕስ እንዴት ላቅድ?

ታይምላፕስ በተከታታይ የተነሱ ፎቶዎችን እንደ ቪዲዮ ማጫወት ነው። 8 ሴኮንድ ፎቶ፣ 2 ሴኮንድ እረፍት፣ በጠቅላላ በየ10 ሴኮንዱ አንድ። በሰዓት 360 ፎቶ ይሆናል፤ በሴኮንድ 24 ፎቶ ሲጫወት 15 ሴኮንድ ቪዲዮ ነው። አንዱ ራው 30 ሜጋባይት ከሆነ ሰዓቱ 11 ጊጋባይት ገደማ ይበላል። ሁሉም ነገር በእጅ ይቆለፍ፤ ቅላቱ ሲጨምርና ሲቀንስ መታየቱ የቪዲዮው ነፍስ ነው፤ ካሜራው እያስተካከለ እንዳያጠፋው።

ጋዙ ምን ያህል አደገኛ ነው? የአፍ መሸፈኛ ይበቃል?

አይበቃም። የሚወጣው በዋናነት የውሃ ተን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ከዚያም የሃይድሮጅን ክሎራይድና ፍሎራይድ አሲዶች ነው። የቀዶ ሕክምና መሸፈኛም ሆነ ኤን95 አመድ ይይዛሉ እንጂ ጋዝ አያቆሙም። የኢንዱስትሪ ደህንነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ የሚገኘው፣ ለአሲድ ጋዝ የተሠራ ካርትሪጅ (ማጣሪያ) ያለው ግማሽ ፊት ጭንብል ያስፈልጋል። ጢም ካለ ጭንብሉ አይገጥምም። ካርትሪጁ ከተከፈተ በኋላ እየደከመ ስለሚሄድ አምና የተጠቀሙበትን አይመኑ። ጭንብሉም ቢሆን ከጋዙ ለመውጣት ጊዜ የሚሰጥ ነው፤ ጋዙ ውስጥ ቆሞ ለመሥራት አይደለም።

አስም ያለበት ሰው ከጭሱ በታች ጨርሶ አይቁም፤ ጥቂት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ እንኳ ደረቱን ይዘጋዋል። ኮንታክት ሌንስ ትተው መነጽር ያድርጉ። ነፋስ በቆመበት ሌሊት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ በጎድጓዳ ቦታ ይጠራቀማል፤ ሽታ የለውምና አይታወቅም። ፍራሽዎን ከፍ ባለ ቦታ ያንጥፉ።

መሬቱስ?

አዲስ ላቫ ከላይ ጠጥሮ ከሥር ባዶ ይሆናል፤ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰበራል። መንገድ መሪው በረገጠበት ብቻ ይርገጡ። የቆዳ ቡት፣ ረጅም ሱሪና ወፍራም ጓንት ያድርጉ። የላቫው ላይ ብርጭቆ መሰል ልባስ እጅ ይቆርጣል፤ በጨለማ ደግሞ መደገፍ አይቀርም።

ጠርዙ ብዙ ቦታ ከሥሩ ተቦርቡሯል፤ ሳያስጠነቅቅ ይናዳል። ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሄደ ስንጥቅ ካዩ ከስንጥቁ ወዲህ ይቁሙ። ለተሻለ ፎቶ ብለው ጠርዙ ላይ በሆድዎ አይተኙ። የእጅዎ ጀርባ ሙቀቱን መቋቋም ካቃተው ካሜራውም አይቋቋምም፤ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል። ሁለት የግንባር መብራት ይያዙ፤ አንዱ ቀይ ብርሃን ያለው ይሁን። አብረው ከሚያነሱ ሰዎች ጋር መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት አስቀድመው ይስማሙ፤ አንድ ነጭ መብራት የሁሉንም 15 ሴኮንድ ያበላሻል።

አመድ የሚተፋ ፍንዳታ ቢሆንስ? እንደ ሃይሊ ጉቢ?

ያ ሌላ ነገር ነው። ሃይሊ ጉቢ ከኤርታ አሌ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለ ተራራ ሲሆን በኅዳር 2025 ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ሕንድ ሰማይ ደረሰ። በታሪክ የተመዘገበ ፍንዳታ ያልነበረው ተራራ ነው፤ የአፍዴራ አካባቢ አመድ ለብሶ ሰንብቷል። እንዲህ ያለውን ለማንሳት ወደ ሥሩ አይኬድም። የቀን ፎቶ ነው፣ የሩቅ ፎቶ ነው፣ ከነፋሱ በተቃራኒ ሆኖ የሚነሳ ነው። አመድ የደቀቀ ብርጭቆ ነው፤ በሌንስ ቀለበት ውስጥ ከገባ አይወጣም። አመድ በሚወርድበት ቦታ ሌንስ መቀየር ካሜራውን መሰናበት ነው።

ድሮን ይዤ ልሂድ?

ያለ ፈቃድ አይሆንም፤ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይያዛል። ፈቃዱን ከጉዞው ብዙ ቀደም ብለው ይጀምሩ። ፈቃድ ያለውም ቢሆን ከጉድጓዱ በላይ ያለው ትኩስ አየር ድሮኑን ወደ ላይ እንደሚወረውረው፣ አሲዱም ሞተሩን እንደሚበላው ይወቅ።

ፈቃድና አጃቢ ግዴታ ነው?

አዎ። በአፋር ክልል የሚመለከተው አካል ፈቃድ፣ የአካባቢው መንገድ መሪና የታጠቀ አጃቢ ያስፈልጋል። ቦታው ለኤርትራ ድንበር ቅርብ ነው፤ በ2012 እና በ2017 ጎብኚዎች እዚያ ተገድለዋል። ከመንቀሳቀስዎ በፊት ያለውን የጸጥታ ሁኔታ ሰመራ ወይም ከሚወስድዎት ድርጅት ያጣሩ። የድሮው መንገድ ከተራራው ሥር ካለው ዶዶም ከተባለ ሰፈር ተነስቶ 10 ኪሎ ሜትር ያህል የእግር ጉዞ ነው፤ ሙቀቱን ለመሸሽ አመሻሽ ላይ ተጀምሮ ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል፤ ፍራሽና ውሃ በግመል ይጫናል። ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ሊትር ያላነሰ ውሃ ይያዙ።

የአፋርን ሰው ሳይጠይቁ አያንሱ፤ በተለይ ሴቶችን። መንገድ መሪውን ከፊት ጥላ አድርገው ማቆም ከፈለጉ ፎቶው የት እንደሚወጣ ይንገሩት፤ ለጊዜውም ይክፈሉት። ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ የሚጠብቅዎት እሱ ነው።

ባትሪ የት ልሙላ?

እዚያ መብራት የለም። ሦስት የካሜራ ባትሪና 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዝ ፓወር ባንክ ለአንድ ሌሊት ይበቃል። ቀን ላይ ባትሪዎቹን ከመኪናው ዳሽቦርድና ከጥቁር ቦርሳ ያርቁ፤ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከውሃ ጀሪካኑ አጠገብ፣ ጥላ ውስጥ ያስቀምጡ። አንዳንድ ካሜራ ሲግል ራሱን ያጠፋል፤ ሲያነሱ ስክሪኑን መዝጋት ይረዳል።

ሌንሱ ላይ ማጣሪያ ልተው?

ከጉድጓዱ አጠገብ ይኑር፤ አሲድ ነጠብጣብና «የፔሌ ፀጉር» የሚባለው ቀጭን የላቫ ብርጭቆ ክር ይመጣል። ርቀው ሲያነሱ ያውጡት፤ በደማቅ ብርሃንና በጨለማ መሀል ማጣሪያው የብርሃኑን ግልባጭ ፎቶው ላይ ያትማል።

ከተመለስኩ በኋላ ዕቃውን እንዴት ላጽዳ?

መጀመሪያ አይጥረጉ። የብርጭቆ ክርና አመድ ያለበትን ሌንስ በጨርቅ ማሸት በአሸዋ ወረቀት እንደ መፋቅ ነው። በእጅ በሚጨመቅ መንፊያ ይንፉት፤ በአፍ አይሁን፤ ምራቅ ከአሲዱ ጋር ይጣበቃል። ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ፤ በመጨረሻ ዲስቲልድ ውሃ የነካው የሌንስ ጨርቅ፤ ከመሀል ወደ ዳር፣ ሳይጫኑ። ዲስቲልድ ውሃውን ከፋርማሲ ይግዙ፤ ጋራዥ አካባቢ የባትሪ ውሃ ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዱ አሲድ ስለሆነ አይሞክሩት።

ይህን ወደ ሰፈሩ እንደተመለሱ በዚያው ቀን ያድርጉት፤ አሲዱ የሌንሱን ልባስ የሚበላው ደርቆ ሲቆይ ነው። የማቆሚያውን እግሮች ፈታተው በንጹህ ውሃ ያጥቡ፣ በደንብ ያድርቁ፤ ጓንትዎን፣ ልብስዎንና የካሜራውን ማንገቻም እንዲሁ። የብርጭቆ ክሩ ጨርቅ ውስጥ ተሰክቶ ስለሚቆይ ልብሱን ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አይጠቡት።